መሸፈኛው ሲወልቅ፤ ትምህርት ቤቶች በወረርሽኝ ማብቂያ የገጠማቸው ፈተና

ታሪክ ጸሐፊዎች ስለ ታላላቅ በሽታዎች ሲጽፉ አብዛኛውን ጊዜ የሚተርኩልን በሽታው ከየት እንደ መጣ፣ ስንት ሰው እንደ ፈጀና ሕዝቡ እንዴት እንደ ተጨነቀ ነው። በሽታው ሲለቅ የሆነውን ግን በአንድ ዐረፍተ ነገር ጨርሰው ያልፉታል። ነገሩን ጠጋ ብለን ስንመረምረው ግን ወረርሽኝ ሲገባ በር መዝጋት ቀላል፣ ሲወጣ በሩን መክፈት እጅግ አስቸጋሪ ሆኖ እናገኘዋለን። ሲገባ ሁሉም በአንድነት ይፈራል፤ ስለዚህም ሁሉም በአንድነት ይታዘዛል። ሲወጣ ግን አንዱ ፍርሃቱን ጥሎ ሲሄድ ሌላው ገና ይዞት ይቆያል። እነዚህም ሁለቱ ሰዎች በአንድ ከተማ፣ ይልቁንም በአንድ ትምህርት ቤት፣ በአንድ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ።

ለትምህርት ቤታችን የመታሰቢያ መጽሐፍ የታሪክ ጽሑፍ እንድናዘጋጅ በተጠየቅን ጊዜ የጦርነትና የነገሥታት ታሪክ ብዙ ሰው የጻፈበት ስለ ሆነ፣ እኛ ራሳችን ካለፍንበት ዘመን አንዱን ነገር መርጠን ለመጻፍ አሰብን። ይኸውም ሕዝቡ በተለምዶ ማስክ ብሎ የሚጠራው የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ ከተማሪዎች ፊት እንዲወርድ በተፈቀደ ጊዜ በትምህርት ቤቶች ላይ የደረሰው ችግር ነው። ነገሩ ትንሽ ጨርቅ ይመስላል፤ ዳሩ ግን በዚህች ትንሽ ጨርቅ ምክንያት መንግሥታት ተከራክረዋል፤ ወላጆች ፍርድ ቤት ቆመዋል፤ ተማሪዎችም እርስ በርሳቸው ተለያይተዋል። አንባቢ እንዳይሳሳት የውጭ አገሩን ታሪክ ስንተርክ ዘመኑን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ የአገራችንን ስንተርክ ደግሞ በራሳችን አቆጣጠር ዓ.ም. እያልን መጻፋችንን አስቀድመን እናስታውቃለን።

መሸፈኛው ከየት መጣ

ሐኪሞች በቀዶ ሕክምና ጊዜ አፋቸውን መሸፈን የጀመሩት በ19ኛው መቶ ዓመት ማለቂያ ላይ ነው። መሸፈኛው ከሐኪም ቤት ወጥቶ ወረርሽኝን ለመከላከል በሰፊው የዋለው ግን በ1910 እና በ1911 በማንቹሪያ፣ ዛሬ የቻይና ሰሜን ምሥራቅ ክፍል በሆነው አገር፣ የሳንባ ወረርሽኝ በተነሣ ጊዜ ነበር። የቻይና መንግሥት በታኅሣሥ ወር 1910 ወደ ሐርቢን ከተማ የላከው ዶክተር ዉ ሊየን ቴ፣ በፔናንግ ተወልዶ በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ የተማረ የ31 ዓመት ወጣት ሐኪም ነበር። እርሱም በሽታው በትንፋሽ ከሰው ወደ ሰው እንደሚተላለፍ ተረድቶ፣ ከሻሽና ከጥጥ የተሠራ መሸፈኛ ሐኪሞችና አስታማሚዎች ሁሉ እንዲያደርጉ አዘዘ። በሙያው የታወቀ አንድ የፈረንሳይ ሐኪም የወጣቱን ምክር ንቆ ያለ መሸፈኛ በሽተኞችን ስለ ጎበኘ በጥቂት ቀን ውስጥ በዚያው በሽታ ሞተ። ከዚያ በኋላ በከተማው ውስጥ መሸፈኛ የማያደርግ ሰው ማግኘት አስቸጋሪ ሆነ ይባላል። በሽታው ወደ 60,000 የሚጠጋ ሰው ፈጅቶ በ1911 የጸደይ ወራት ቆመ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ መሸፈኛውን ስለ ማውለቅ የተነሣ ክርክር አናገኝም። በሽታው የያዘውን ሁሉ የሚገድል ስለ ነበረና በአንድ ጊዜ ፈጽሞ ስለ ቆመ፣ የሚያከራክር ነገር አልነበረም። ክርክር የሚነሣው በሽታው አንዱን ገድሎ ሌላውን በጉንፋን ብቻ ሲያልፈው፣ ደግሞም ጠፋ ሲባል እየተመለሰ ሲያስቸግር ነው። ይህንንም ከሰባት ዓመት በኋላ የሳን ፍራንሲስኮ ከተማ አየችው።

በሳን ፍራንሲስኮ በቀትር የተነፋው ፊሽካ

በ1918 መጸው ወራት በዓለም ላይ የተነሣው ታላቁ የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ በአሜሪካ ምዕራብ ጠረፍ ወዳለችው ሳን ፍራንሲስኮ በደረሰ ጊዜ፣ የከተማው ሹማምንት በጥቅምት ወር ትምህርት ቤቶችን፣ ቲያትር ቤቶችንና የመሰብሰቢያ ስፍራዎችን ዘጉ። በዚያው ወር መጨረሻ ደግሞ በሕዝብ ፊት የሚገኝ ሰው ሁሉ አፉንና አፍንጫውን በሻሽ እንዲሸፍን የሚያስገድድ ደንብ አወጡ። ደንቡን ያፈረሰ ይታሰር ወይም ይቀጣ ነበር። የከተማው ከንቲባ ጄምስ ሮልፍ እንኳ በቦክስ ግጥሚያ ላይ መሸፈኛውን አውልቆ በመታየቱ መቀጫ ከፍሏል። የሆነ ሆኖ አብዛኛው ሕዝብ ታዘዘ፤ ጊዜው የጦርነት ጊዜ ስለ ነበር መሸፈኛ ማድረግ አገርን እንደ ማገልገል ይቈጠር ነበርና።

የበሽተኛው ቍጥር በቀነሰ ጊዜ ኅዳር 21 ቀን 1918 ልክ በቀትር በከተማው ሁሉ ፊሽካ ተነፋ። ሕዝቡም በዚያች ደቂቃ መሸፈኛውን ከፊቱ እየገፈፈ በየመንገዱ ጣለው፤ ጎዳናው ሁሉ በሻሽ ተሸፈነ። ከአራት ቀን በኋላ ትምህርት ቤቶች ተከፈቱ። ሁሉም ነገር ያለቀ መሰለ። ነገር ግን ብዙ ሳይቆይ በሽታው ተመለሰና ጥር 17 ቀን 1919 መሸፈኛው እንደገና ታዘዘ።

በዚህ ጊዜ ግን የመጀመሪያው መታዘዝ አልተገኘም። ጦርነቱ አልቆ ነበር፤ ሕዝቡም አንዴ በፊሽካ ነጻ ወጥታችኋል ተብሎ ነበር። ስለዚህ መሸፈኛውን የሚቃወም ማኅበር ተቋቁሞ በጥር 25 ትልቅ ስብሰባ አደረገ። ከሳምንት በኋላም በየካቲት 1 ቀን ደንቡ ተነሣ። ጨርቁ ያው ነው፤ ከተማው ያው ነው፤ በሽታውም ያው ነው። የተለወጠው የሕዝቡ እምነት ነበር። ደግሞም በ1920 የካሊፎርኒያ የጤና ሹም ዶክተር ኬሎግ ባወጣው ጥናት የዚያ ዘመን ስስ ሻሽ በግዴታ ሲደረግ የታሰበለትን ያህል ወረርሽኙን እንዳልገታ አስታወቀ። ከዚህ የምንማረው አንድ ነገር አለ። ሹማምንት የድል ፊሽካ ከመንፋታቸው በፊት በሽታው ቢመለስ ምን እንደሚደረግ ለሕዝቡ ቢነግሩት ኖሮ፣ ሁለተኛው ትእዛዝ እንደ ክሕደት ባልተቈጠረ ነበር።

ያው ወረርሽኝ አገራችንንም አልማረም። በኅዳር ወር 1911 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው ይህ በሽታ እስከ ዛሬ ድረስ የኅዳር በሽታ ተብሎ ይታወቃል። በኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የተባሉት ራስ ተፈሪ መኰንን እንኳ ታመው ለጥቂት ነው የዳኑት። ታሪክ ጸሐፊዎች በከተማው የሞተውን ሰው ወደ 10,000 ያህል ይገምቱታል። በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን በየሰፈሩ ቆሻሻ ተሰብስቦ ሲቃጠልና ጢሱ ከተማውን ሲሞላው ሽማግሌዎች ኅዳር ሲታጠን ይሉታል። ብዙ ሕፃናት ጢሱን ያያሉ፤ ስለ ምን እንደሚጤስ የሚያውቁት ግን ጥቂቶች ናቸው።

ትምህርት ቤት ተዘግቶ ሲከፈት

ከመቶ ዓመት በኋላ የኮሮና በሽታ በዓለም ላይ በተነሣ ጊዜ በ2020 ከ1.5 ቢሊዮን በላይ ተማሪ ከትምህርት ገበታው ተለየ። በአገራችን የመጀመሪያው በሽተኛ መገኘቱ የተነገረው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ሲሆን፣ ከሦስት ቀን በኋላ መጋቢት 7 ቀን ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ታዘዘ። ወደ 26 ሚሊዮን የሚጠጋ ተማሪም በቤቱ ቀረ። ትምህርት እንደገና የተጀመረው ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. አንሥቶ በየደረጃው ነበር። የክፍሉ ተማሪ ቍጥር እንዲቀንስ፣ ተማሪዎች በፈረቃ እንዲማሩ፣ እጃቸውን እንዲታጠቡና ሁሉም መሸፈኛ እንዲያደርጉ ተወሰነ።

ያን ጊዜ ገና ልጆች ነበርን። በሩ ላይ ዘበኛው እጃችንን በውኃና በሳሙና ያስታጥቡናል፤ መሸፈኛ ያላደረገውንም ወደ ቤቱ ይመልሱታል። ከመካከላችን አንድ መሸፈኛ ብቻ ያለው ልጅ ማታ ማታ አጥቦ እያሰጣ፣ ሳይደርቅለት ያደረ እንደ ሆነ እርጥቡን አድርጎ ይመጣ ነበር። አዲስ የመጡትን መምህራን ዓይናቸውን እንጂ ፊታቸውን ሳናውቅ ብዙ ወራት ቆየን። መምህራችን ሲስቁልንና ሲቈጡን መለየት እስኪያቅተን ድረስ ተቸገርን። ከሁሉ ይልቅ የተጐዱት ግን ታናናሾቻችን ናቸው። ፊደል የሚቈጥር ሕፃን “መ” ሲባል ከንፈር እንደሚገጥም፣ “ነ” ሲባል ግን እንደማይገጥም የሚማረው በጆሮው ብቻ ሳይሆን በዓይኑም ነው። መስማት የተሳናቸው ልጆችማ የመምህሩን ከንፈር ካላዩ ከትምህርቱ ብዙው ያመልጣቸዋል። ስለዚህ መሸፈኛው ይውለቅ የሚለው ጥያቄ ከስንፍና ወይም ከእንቢተኝነት ብቻ የመጣ አልነበረም፤ እውነተኛ ምክንያት ነበረው። መሸፈኛው ይቆይ ያሉትም እንዲሁ እውነተኛ ምክንያት ነበራቸው። ሁለት እውነቶች ሲጋጩ መፍረድ ከባድ መሆኑን ከዚህ በታች የምንተርከው የቨርጂኒያ ታሪክ ያስረዳናል።

ማን ይወስን?

በአሜሪካ የትምህርት ቤት ጉዳይ በአብዛኛው በየክፍለ ግዛቱና በየወረዳው የትምህርት ቦርድ የሚተዳደር ስለ ሆነ፣ መሸፈኛን በተመለከተ አንድ ወጥ ደንብ አልነበረም። ቴክሳስን የመሰሉ ክፍላተ ግዛት ገና በ2021 ትምህርት ቤቶች መሸፈኛ እንዳያስገድዱ ከለከሉ፤ ሌሎቹ ደግሞ እስከ 2022 ድረስ አስገድደው ቆዩ። ከዋና ከተማው ከዋሽንግተን ጋር የሚዋሰነው ቨርጂኒያ ግን ሁለቱንም መንገድ በአንድ ክረምት ውስጥ ስለ ሄደበት ትምህርቱ ለሁሉ ይጠቅማል። ለእኛም ታሪኩ ሩቅ አይደለም፤ በዚያ አካባቢ ብዙ ኢትዮጵያውያን ስለሚኖሩ የአሌክሳንድሪያ ከተማ ትምህርት ቤቶች ለወላጆች የሚጽፉትን ማስታወቂያ በአማርኛም ጭምር ያወጣሉ።

በቨርጂኒያ ከነሐሴ 2021 ጀምሮ ተማሪዎች በክፍል ውስጥ መሸፈኛ እንዲያደርጉ ታዝዞ ነበር። ጥር 15 ቀን 2022 ግን አዲሱ አገረ ገዥ ግሌን ያንግኪን ሥልጣን በያዙበት በዚያው ቀን፣ ልጁ መሸፈኛ ያድርግ አያድርግ የሚወስነው ወላጁ ነው የሚል ትእዛዝ ፈረሙ። ትእዛዙ ከጥር 24 ቀን ጀምሮ እንዲሠራበት ተባለ። ጊዜው ኦሚክሮን የተባለው የበሽታው ዐይነት በብርቱ የተስፋፋበት ነበር። በዚያው በጥር 24 ቀን የአሌክሳንድሪያ፣ የአርሊንግተንና የፌርፋክስ ቦርዶች የሚገኙባቸው ሰባት የትምህርት ቦርዶች አገረ ገዥውን ከሰሱ። የክሳቸውም ቃል በአጭሩ የክፍለ ግዛቱ ሕገ መንግሥት ትምህርት ቤቶችን የማስተዳደር ሥልጣን የሰጠው ለእኛ ነው የሚል ነበር። የካቲት 4 ቀን አንዲት ዳኛ ለሰባቱ ቦርዶች ትእዛዙን ለጊዜው አገዱላቸው። በዚያው ወር ግን የክፍለ ግዛቱ ምክር ቤት የወላጆችን መብት የሚያጸና ሕግ አውጥቶ፣ አገረ ገዥው የካቲት 16 ቀን ፈረሙበት፤ ከመጋቢት 1 ቀንም ጀምሮ በሁሉም ላይ ጸና።

እንግዲህ አስቡት። በስድስት ሳምንት ውስጥ ደንቡ ከግዴታ ወደ ፈቃድ፣ ከፈቃድ ወደ ክርክር፣ ከክርክር ወደ እገዳ፣ ከእገዳ ወደ ሕግ ተለዋወጠ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ማለዳ በትምህርት ቤቱ በር ላይ የሚቆመው ዳኛውም አገረ ገዥውም አይደለም፤ ርእሰ መምህሩና የክፍሉ መምህር ናቸው። በአንዳንድ ቦታ መሸፈኛ ሳያደርጉ የመጡ ተማሪዎች ከክፍል ተለይተው እንዲቀመጡ ወይም ወደ ቤታቸው እንዲመለሱ ተደረገ። ወላጆቻቸውም ልጄን አገረ ገዥው ፈቅዶለት እናንተ እንዴት ትከለክሉታላችሁ አሉ። የሌሎቹ ወላጆች ደግሞ ልጄን ቦርዱ ሊጠብቅልኝ ቃል ገብቶ እናንተ እንዴት ታጋልጡታላችሁ አሉ። መምህሩ በሁለቱ መካከል ቆመ። ትምህርት የሚሰጥበት ሰዓትም በዚሁ ክርክር አለፈ። ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጐዳው ሣሩ ነው የሚባለው እንዲህ ላለው ነው።

ወላጅ በልጁ ላይ ሥልጣን ያለው መሆኑን እኛም እናምናለን። ነገር ግን መሸፈኛ ከኮትና ከጫማ የሚለይበት አንድ ነገር አለ። ኮት የሚያሞቀው የለበሰውን ብቻ ነው፤ መሸፈኛ ግን የሚጠብቀው ያደረገውን ብቻ ሳይሆን አጠገቡ የተቀመጠውንም ነው። ስለዚህ የአንዱ ወላጅ ፈቃድ በሌላው ወላጅ ልጅ ላይ ይደርሳል። የቨርጂኒያ ክርክር ሥሩ ይህ ነበር።

የአሥራ ሁለቱ ልጆች ጉዳይ

አዲሱ ትእዛዝ ሥራ ላይ በዋለ ጊዜ በቨርጂኒያ የሚኖሩ የ12 ተማሪዎች ወላጆች በየካቲት 2022 ወደ ፌዴራል ፍርድ ቤት አቤት አሉ። ልጆቻቸው ካንሰር፣ አስም፣ የሳንባ ሕመምና ሌላም የሰውነትን ኃይል የሚያደክም በሽታ ያለባቸው ነበሩ። ወላጆቹ የጠየቁት የክፍለ ግዛቱ ተማሪ ሁሉ ለዘለዓለም መሸፈኛ ያድርግ ብለው አልነበረም። የጠየቁት ልጆቻችን ሕይወታቸውን ሳያሰጉ ይማሩ ዘንድ አጠገባቸው የሚቀመጡት ልጆች መሸፈኛ እንዲያደርጉ ትምህርት ቤቱ መጠየቅ ይፈቀድለት ብለው ነው። መጋቢት 23 ቀን ፍርድ ቤቱ ለአካል ጉዳተኞች መብት የቆመው የአገሪቱ ሕግ ከክፍለ ግዛቱ ሕግ እንደሚበልጥ አመልክቶ፣ ለእነዚህ 12 ልጆች ትምህርት ቤቶቻቸው እንዲህ ያለውን እርዳታ ሊያደርጉላቸው ይችላሉ ሲል ፈረደ። ጉዳዩም በታኅሣሥ 2022 በስምምነት አለቀ።

ከዚህ ሁሉ ታሪክ ይህ ክፍል ነው ልባችንን የነካው። መሸፈኛው ሲወልቅ አብዛኛው ተማሪ ደስ አለው፤ ሊደሰትም ይገባው ነበር። ነገር ግን በየትምህርት ቤቱ አንድ ወይም ሁለት ልጅ ይኖራል፤ ለእርሱ የሌሎቹ የደስታ ቀን ትምህርቱን የሚያቋርጥበት ቀን ሊሆንበት ይችላል። ብዙኃኑ ሲድኑ ጥቂቶቹ ይረሳሉ። በትምህርት ቤታችን የተማርነው የደጉ ሳምራዊ ታሪክ በመንገድ ላይ ስለ ወደቀ አንድ ሰው ነው እንጂ ስለ ብዙ ሕዝብ አይደለም። የአንድ ትምህርት ቤት ደግነት የሚለካውም ብርቱው ልጅ እንዴት እንደ ሮጠ በማየት ሳይሆን፣ ደካማው ልጅ በክፍሉ ውስጥ ስለ መቆየቱ ነው።

ልኩ ምንድን ነው?

ሁለተኛው ችግር የጊዜው ነገር ነው። መሸፈኛው መቼ ይውለቅ? በየካቲት 25 ቀን 2022 የአሜሪካ የበሽታ መቈጣጠሪያና መከላከያ ማእከል ልኩን ለወጠ። ከዚያ በፊት የሚታየው የተያዘው ሰው ብዛት ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን ሐኪም ቤት የሚተኛው በሽተኛ ቍጥር ጭምር እንዲታይ ተደረገ። በዚያው ሰሞን ብዙ ክፍላተ ግዛት በተከታታይ ደንባቸውን አነሡ። ማሳቹሴትስ የካቲት 28፣ ኒው ዮርክ መጋቢት 2፣ ኒው ጀርዚ መጋቢት 7 ቀን አነሡ፤ ካሊፎርኒያ፣ ኦሬገንና ዋሽንግተን ተማክረው ከመጋቢት 11 ቀን በኋላ አብረው ለቀቁ። እንደ ሃዋይ ያሉት ግን በትምህርት ቤት እስከ ክረምቱ ድረስ አቆዩት።

በማሳቹሴትስ በቦስተን ከተማ ዙሪያ ካሉት 72 የትምህርት ወረዳዎች፣ የክፍለ ግዛቱ ደንብ ከተነሣ በኋላ መሸፈኛውን እስከ ሰኔ ያቆዩት ቦስተንና ቼልሲ ሁለቱ ብቻ ነበሩ። በኅዳር 2022 በታወቀ የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት እነዚህን ወረዳዎች አነጻጽሮ፣ መሸፈኛውን ባነሡት ወረዳዎች በ15 ሳምንት ውስጥ ከ1,000 ተማሪና ሠራተኛ ወደ 45 የሚደርስ ተጨማሪ በሽተኛ እንደ ተገኘ አስታወቀ። ሌሎች ሊቃውንት ግን ልዩነቱ ከመሸፈኛው ብቻ የመጣ ላይሆን ይችላል፤ በየወረዳው ቀድሞ የታመመው ሰው ብዛትና ምርመራ የሚደረግበት መንገድ የተለያየ ነውና ብለው ተቃወሙ። ክርክሩ ለሊቃውንት ይቆይ። እኛን ያስደነቀን ግን የዚያው ጥናት ሌላ ቃል ነው። መሸፈኛውን ያቆዩት ወረዳዎች አብዛኛውን ጊዜ ድኻ የበዛባቸው፣ ሕንጻቸው ያረጀ፣ ክፍላቸውም የተጨናነቀ ነበር። ባለጠጋው ትምህርት ቤት ሰፊ መስኮትና መልካም የአየር መተላለፊያ ስላለው ጨርቁን ለመጣል አይፈራም። መስኮቱ ጠባብ የሆነበት ትምህርት ቤት ግን የሚቀረው መከላከያ ጨርቁ ብቻ ነው። እንግዲህ መሸፈኛን ለማውለቅ ዝግጅቱ የሚጀመረው ከሕንጻው ነው ማለት ነው።

መልሶ ማድረግስ? የፊላደልፊያ ትምህርት ቤቶች መጋቢት 9 ቀን 2022 መሸፈኛውን አነሡ። በሽታው እንደገና በበዛ ጊዜ ደግሞ ግንቦት 23 ቀን ተማሪዎች መልሰው እንዲያደርጉ ታዘዙ። የ1918 የሳን ፍራንሲስኮ ታሪክ በሌላ ከተማ ተደገመ። የዓለም ጤና ድርጅት የኮሮና አስቸኳይ ሁኔታ ማብቃቱን ያስታወቀው ግንቦት 5 ቀን 2023 ስለ ሆነ፣ ከዚያ በፊት በነበረው ጊዜ ሁሉ ትምህርት ቤቶች ደንባቸውን ያነሡት በሽታው ጨርሶ ሳይጠፋ ነው። ይህ ጥፋት አይደለም፤ በሽታው ፈጽሞ እስኪጠፋ ቢጠበቅ ሕፃናት ፊት ሳያዩ ባደጉ ነበር። ጥፋቱ ደንቡን ሲያነሡ ለዘለዓለም ያነሡት ማስመሰል ነው።

በተማሪዎች መካከል የሆነው

እስከ አሁን የተናገርነው ስለ ሹማምንትና ስለ ዳኞች ነው። ነገር ግን መሸፈኛው የሚወልቀው በተማሪ ፊት ላይ ስለ ሆነ የእኛንም ነገር መናገር ይገባናል።

በእኛ ክፍል መሸፈኛው በፊሽካ አልወለቀም። በመጀመሪያ ወደ አገጭ ወረደ፤ ከአገጭ ወደ ኪስ ገባ፤ ዘበኛው ወይም ርእሰ መምህሩ ብቅ ሲሉ ብቻ ከኪስ ይወጣ ጀመር። በኋላም ማንም ሳይጠይቅ ማንም ሳያደርግ ቀረ። ደንቡ በማስታወቂያ ሳይሆን በመዘናጋት ነው ያለቀልን። እንዲህም ሆኖ አንዲት የክፍል ጓደኛችን ሁላችን ከተውን በኋላ ለብዙ ጊዜ ማድረጓን አላቋረጠችም። አንዳንዶቻችን “ምነው፣ ጥርስሽ ወልቋል እንዴ?” እያልን እንሥቅባት ነበር። እርስዋም መልስ አትሰጥም፤ ዝም ብላ ወደ ደብተርዋ ታቀረቅራለች። በኋላ እንደ ሰማነው በቤታቸው በሳንባ ሕመም የተኙ አያት ነበሯት፤ የምታስታምማቸውም እርስዋ ነበረች። ይህን በሰማን ጊዜ ያፈርነው እፍረት እስከ ዛሬ አልለቀቀንም። ይቅርታ ለመጠየቅም አፋችንን ይዞን ብዙ ቀን ቆየን።

በሌላ በኩል ደግሞ መሸፈኛ ያወለቀውን ልጅ በሽታ አምጪ እያሉ የሸሹትም ነበሩ። እርሱም ምናልባት የሚገዛበት ገንዘብ ያጣ ይሆናል እንጂ ደንብ መናቁ ላይሆን ይችላል። ስለዚህ አድርጎ የመጣውም ሳያደርግ የመጣውም ይዋረድ ነበር። ደንብ በነበረ ጊዜ ሁሉም አንድ ዐይነት ስለሚያደርግ ማንም ምክንያቱን አይጠየቅም። ደንቡ ሲነሣ ግን እያንዳንዱ ፊት መልስ የሚጠየቅበት ይሆናል። ለፈቃድ የተተወ ነገር ያለ መከባበር ከግዴታ የከበደ ሸክም መሆኑን ያወቅነው ያን ጊዜ ነው።

ማጠቃለያ

ከዚህ በላይ ከተመለከትነው ታሪክ አራት ነገሮችን እንማራለን።

አንደኛ፣ ደንብ ሲወጣ በምን ልክ እንደሚነሣና በምን ልክ እንደሚመለስ በዚያው ቀን ይነገር። መውጫው ያልታወቀ ደንብ ሰውን ያሰለቻል፤ መመለሻው ያልታወቀ ፈቃድም ሰውን ያሳስታል።

ሁለተኛ፣ የሚወስነው ማን እንደ ሆነ አስቀድሞ ይታወቅ። በወላጅና በሹም መካከል ያለው ክርክር በምክር ቤትና በስብሰባ ይለቅ እንጂ በትምህርት ቤቱ በር ላይ በመምህሩ ትከሻ አይጣል።

ሦስተኛ፣ ደንቡ ከመነሣቱ በፊት በትምህርት ቤቱ ውስጥ ሕመም ያለበት ልጅ ማን እንደ ሆነ ወላጆችና መምህራን በምስጢር ተመካክረው ይወቁለት። መስኮት ያለው ክፍል፣ በመስኮቱም አጠገብ ያለው ወንበር ለእርሱ ይሰጠው፤ አጠገቡም የሚቀመጡት ልጆች በፈቃዳቸው እንዲረዱት ይለመኑ። መስኮት ለመክፈት ገንዘብ አያስፈልግም።

አራተኛ፣ የሚያደርገውም የማያደርገውም እንዳይሰደብ መምህራን በግልጽ ያስተምሩ። ይህን ግን መምህራን ብቻቸውን አይፈጽሙትም፤ ስድቡ ከእኛ ከተማሪዎች አፍ የሚወጣ ነውና የምናቆመውም እኛው ነን።

ወላጆቻችንና መምህራኖቻችን ይህን ሲያነቡ ምናልባት ነገሩ ካለፈ በኋላ ምን ይጠቅማል ይሉ ይሆናል። መልሳችን ኅዳር 12 ቀን ነው። አያቶቻችን መከራቸውን እንዳንረሳ ጢሱን አቆዩልን፤ የጢሱን ምክንያት ግን በመጽሐፍ አስፍረው በየክፍሉ ስላላስተማሩን፣ በሽታው ከመቶ ዓመት በኋላ በሌላ ስም ሲመጣ እንደ አዲስ ሆነብን። ስለዚህ የትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት አንዲት የአፍ መሸፈኛ በመስታወት ሣጥን ውስጥ እንዲያኖር፣ ከሥርዋም መቼና ስለ ምን እንደ ተደረገች፣ እንዴትም እንደ ወለቀች የሚገልጽ ጽሑፍ እንዲያስቀምጥ በትሕትና እንለምናለን። ከእኛ በኋላ የሚመጡት ተማሪዎች ምናልባት አንድ ቀን እንደገና ፊታቸውን መሸፈን፣ ደግሞም መግለጥ ያስፈልጋቸው ይሆናል። ያን ጊዜ ሲገልጡት ከአጠገባቸው የተቀመጠውን አስቀድመው ዘወር ብለው ቢያዩ፣ እኛ ያፈርንበትን እፍረት እነርሱ አያፍሩበትም።